የብሳናው ትል ስም

እታገኘሁ ብሳናዎቿን መትከል የጀመረችው ባሏ ከፋለ በሞተ በዓመቱ ነው። ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚያወጣው መንገድ የአምስት ሰዓት ያህል በእግር ተሂዶ ድብ አፋፍ የምትባል መንደር አለች። የእታገኘሁ ቤት ከመንደሩ ግርጌ ነው። ከጓሮዋ ጀምሮ ወደ ታች ቦረቦር ይወርዳል። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ እየጋጠ ያሰፋዋል። መጀመሪያ የጎመን መደቧን ወሰደ፤ ቀጥሎ አጥሯን፤ በሦስተኛው ክረምት የበጎቿን ጉረኖ ከነግድግዳው ይዞት ወረደ። ያን ጊዜ እታገኘሁ ከመንደሩ በላይ ካለው የማርያም ደን የብሳና ፍሬ ለቅማ አፈላች፤ ችግኙንም በቦረቦሩ ግራና ቀኝ ደረደረችው። የደረቀውን እየነቀለች፣ ፍየል የቀነጠሰውን እየተካች አሥራ አንድ ዓመት ለፋች። ሰው ለራሱ ጎተራ ሲጨነቅ እሷ ለዛፍ ውሃ ትቀዳለች ብለው ሲስቁባት ኖረው፣ ቦረቦሩ መስፋቱን ሲያቆም ሳቃቸውን ተዉ።

ከቦረቦሩ ማዶ ያለው የገብስ ማሳ የታናሽ ወንድሟ የታፈረ ነው። ታፈረ አምስት ልጆች አሉት። ባለፈው ዓመት ተምች ወርዶበት ገና ዘለላ ያላወጣ ገብሱን በአራት ቀን ውስጥ እስከ ሥሩ በላበት፤ ያን ዓመት ቤተሰቡን ያቆየው የእርዳታ ስንዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ታፈረ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ማሳው ውስጥ ገብቶ ይንበረከክና የገብሱን ቅጠል እያገላበጠ ያያል።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ እታገኘሁ ሣር ልታጭድ ወደ ብሳናዎቹ ወረደች። ከዛፎቹ ሥር ስትደርስ ዝናብ የሚያንጠባጥብ መሰላት፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። የሚንጠባጠበው ጥቁር፣ የበርበሬ ፍሬ የሚያክል ኩስ ነው። ቀና ስትል ቅርንጫፎቹ በትል ተሸፍነዋል። ትሉ የጣት ውፍረት አለው፤ መልኩ እንደ ከፋይ ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ነጣ ያሉ እሾሆች፣ ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት። አባ ጨጓሬ እንዳትለው ጠጉር የለውም። ተምች እንዳትለው ተምችን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ይህን አያህልም፣ እሾህም የለው። በዕድሜዋ ሙሉ ከብሳና ጋር ስትኖር እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ብዛት አይታ አታውቅም።

በአሥር ቀን ውስጥ ብሳናዎቹ አጥንታቸው ቀረ። ከላይ የማርያም ደን ውስጥ ያሉትም እንደዚያው ራቁታቸውን ቆሙ። ከዚያ ትሎቹ በግንዱ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። መሬት ሲነኩ ወዲያና ወዲህ እየተበተኑ ይሄዳሉ፤ ከፊሎቹ ቦረቦሩን ተሻግረው ወደ ገብሱ አቀኑ። ይህን ያየው ታፈረ ነው። እየሮጠ መጥቶ በእጁ መዳፍ የያዘውን ትል ዘረጋላት። «ተምች» አላት።

እታገኘሁ ተምች እንዳልሆነ፣ ተምች ዛፍ እንደማይወጣ ነገረችው። አልሰማትም። ባለፈው ዓመት የመጣው ከየት እንደመጣ ማንም አላወቀም፣ ዘንድሮ በዛፍ በኩል መጥቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል ብሎ ጠየቃት። ስለዚህ ያሰበችውን አደረገች። ዓይኑ እያየ አንድ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የገብስ ቡቃያ ከነሥሩ ከተተች፣ ስድስት ትል ጨመረችበት፣ በሻሽ ሸፈነችው። በማግስቱ ከጎረቤት ጋር ሆነው ከፈቱት። ገብሱ አልተነካም። እታገኘሁ ፊቷ በራ።

ታፈረ ግን ሞኝ አይደለም። ሄዶ ትል ያልደረሰበት አንድ የብሳና ቅጠል ፈልጎ አመጣና እዚያው ጣሳ ውስጥ ጨመረ። ማታ ሲከፍቱት የብሳናውም ቅጠል እንዳለ ነው።

«ብሳናውንም አልበላም» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «ታዲያ ይኼ ምን ይነግረናል?»

እውነቱን ነው፤ ምንም አይነግርም። ትሎቹ መብላት ጨርሰው አፈር ውስጥ መግቢያ የሚፈልጉበት ሰዓት ነበር፤ ይህን ግን ያን ቀን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰው ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጠ። ጉባኤውን የያዙት መምሬ ገብረ መስቀል ናቸው። ደኑ የታቦቷ ስለሆነ እጁን የሚያነሣበት እንደማይኖር ሁሉም ተስማማ። ቦረቦሩ ግን የወል መሬት ነው፤ እታገኘሁ ተከለችው እንጂ በስሟ አልተጻፈም። ብሳናዎቹ ይቆረጡ፣ ትሉ ከነመጠለያው ይጥፋ ተባለ። እታገኘሁ ተነሥታ መምሬ እግር ላይ ወደቀች። ልጇ ኤልሳቤጥ ተማሪ ሳለች እታገኘሁ በልጅቱ ደብተር ላይ ሥዕል አይታ ነበር፤ ትል ትል ሆኖ አይቀርም፣ ክንፍ አውጥቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ምን እንደሚሆን ሲታይ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሲታወቅም የሚበላውን የተማረ ሰው ይነግረናል፤ እስከዚያ ጠብቁኝ ብላ ለመነች። መምሬ ለመኑላት። እስከ መስቀል ቀን ሰጧት።

አፉ የተቆረጠ የዘይት ጄሪካን እስከ ግማሹ አፈር ሞላችና ሃያ የሚሆኑ ትሎች ለቀቀችበት። በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም አፈሩን ሰርስረው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጠዋት ታያለች፤ አፈር ነው። ማታ ታያለች፤ አፈር ነው። በሳምንቱ መቻል አቃታትና በጣቷ ቆፈረች። ትሉ ጠፍቶ በቦታው የአውራ ጣት የሚያክል፣ የተወለወለ እንጨት የመሰለ ቡናማ ነገር ተጋድሟል፤ አጠገቡ ያወለቀው ቆዳ ከነእሾሁ ተጨማድዷል። ስትነካው ጭራው ተወራጨ። ደነገጠችና መልሳ ቀበረችው። ግን በየሁለት ቀኑ ከመቆፈር ራሷን መግታት አልቻለችም። ይደርቁ ይሆናል ብላ ውሃ አርከፈከፈችባቸው፤ አምስቱ ሻግተው ሞቱ። ከሌሎቹ አንዱ ተሰንጥቆ በውስጡ የዝንብ እጭ ተገኘ። ወሬው በመንደሩ ተዛመተ፤ የእታገኘሁ ትል ዝንብ ወለደ ተባለ። እሷም ራሷ ለሁለት ቀን ያህል እውነት ዝንብ ነው እንዴ ብላ ተጠራጠረች።

ኤልሳቤጥ ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናት። ፈረንጅ ከቀነሰ ወዲህ በወር አሥር ቀን ብቻ ነው የሚያሠሯት። እናቷ በጎረቤት ስልክ ደውላ ትሉን የሚያውቅ ሰው ፈልጊልኝ ብላ ስትለምናት ወደ ግብርና ቢሮው ሄደች። የሰብል ተባይ የሚያውቀው ሰው ለቆ ከሄደ ሰነባብቷል፤ ቦታው ላይ ገና ሰው አልተተካም። እዚያ ያገኘችው ሠራተኛ ነገሩን ከሰማ በኋላ ተምች ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አስወግዱት አላት። ኤልሳቤጥ ለእናቷ የተባለችውን ሳትደብቅ ነገረቻት።

እታገኘሁ ስልኩን ለባለቤቱ መልሳ ወደ ቤቷ ገባች። ያን ቀን የሰማችውን ለማንም አልተነፈሰችም። ታፈረ ኤልሳቤጥ ምን አለች ብሎ ሲጠይቃት ሰውየው አልተገኘም አለችው። ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ እንቅልፍ ነሣት። ምናልባት ሠራተኛው ልክ ቢሆንስ? ምናልባት የወንድሟን ልጆች ለዛፍ ብላ እያስራበቻቸው ቢሆንስ?

መስቀል መጣ፤ ደመራው ተለኮሰ፤ ከጄሪካኑ ምንም አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ መጥረቢያ ይዘው መጡ። ታፈረ ፊት ፊት ነው የመጣው። እታገኘሁ ከሁሉም በላይ የቆመውን፣ መጀመሪያ የተከለችውን ብሳና ተደግፋ ጠበቀችው። ሲጠጋት የመጥረቢያውን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። ሌሎቹ ፈንጠር ብለው ቆሙ። እሱም አለቀቀም።

«እትዬ» አላት ዝግ ባለ ድምፅ። «ዘንድሮም ከተበላብኝ ልጆቼን ምን ላበላቸው? አንቺ ንገሪኝና ልመለስ።»

ለቀቀችው። ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች፤ የመጥረቢያው ድምፅ ግን በግድግዳው ውስጥ ይመጣል። ብሳና ለስላሳ እንጨት ነው፤ ለመቆረጥ ጊዜ አይፈጅም። ከሰዓት በኋላ ሁሉም አልቆ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ የማርያም ደን ብሳናዎች ቅጠላቸውን መለሱ። መጀመሪያ የጫፉ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትል ነክቷቸው የማያውቅ እስኪመስሉ ለመለሙ። እታገኘሁ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሻሿን ወደ ዓይኗ ትጎትትና ደኑን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የታፈረ ገብስ ምንም ሳይነካው አፈራ። ሰው ሁሉ ያተረፈን መቁረጡ ነው አለ። ታፈረ ወቅቶ እንደጨረሰ አንድ ስልቻ ገብስ ተሸክሞ መጣና ደጃፏ ላይ አስቀመጠላት። ስልቻው ሦስት ቀን ደጅ አደረ። በአራተኛው ቀን ረሃቡ አሸነፋትና አስገባችው፤ ገብሱን ስትቆላ አለቀሰች።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ሌላ ነገር መጣ። ትሉ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ይወጣል፤ ስለዚህ ከክረምት በፊት ጉቶዎቹም ከነሥራቸው ይነቀሉ፣ መሬቱም ይታረስ ተባለ። ጉቶዎቹ ጥቃቅን ቀንበጥ ማውጣት ጀምረው ነበር። እታገኘሁ የሚመጣውን ታውቃለች። ቅርንጫፉ ቢሄድ ሥሩ አፈሩን ይዞ ነበር፤ ሥሩ ከወጣ ግን ቦረቦሩ ቤቷን ለመውሰድ አንድ ክረምት ይበቃዋል። አሁን ግን የምትለምንበት ምክንያት አልነበራትም። የሰጧትን ቀን ጨርሳዋለች።

ጄሪካኑን ግን አልጣለችውም። መቆፈሩን ተወች። አልፎ አልፎ ብቻ ጆሮዋን አፈሩ ላይ ታደርጋለች። ምሳዋን ትረሳለች፤ ጠላ ጠርተዋት ሄዳ መሐል ላይ ተነሥታ ትመጣለች። እታገኘሁ ከትል ጋር ታወራለች፣ ጭንቅላቷን ነክቷታል መባሉን ሰማች። እውነትም ታወራቸው ነበር። ውጡ ትላቸዋለች። ምን እንደሆናችሁ አሳዩኝ። ተምችም ከሆናችሁ ንገሩኝና ልረፍ።

በግንቦት አጋማሽ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ምሽት ላይ፣ እታገኘሁ ኩራዟን አብርታ ስትገባ ጄሪካኑ ሲንኳኳ ሰማች። አፈሩ ተከፍሏል። አንድ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ክንፉ እንደ ተጨበጠ ወረቀት የተጨማደደ ነገር በጄሪካኑ ጠርዝ ላይ ይወጣል። አካለ ስንኩል ሆኖ የተወለደ መሰላት። ግድግዳው ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ዓይኗን ሳትነቅል አጠገቡ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ፣ ልብ ሳይባል፣ ክንፉ ወረደ፣ ተዘረጋ፣ ደረቀ። የሁለት እጅ መዳፍ ጎን ለጎን ቢዘረጋ የሚያክል ሆነ። መልኩ የተቃጠለ ሸክላ ነው፤ በኋለኛው ክንፉ ላይ ብርቱካናማ ዓይን የመሰለ ክብ አለ።

እታገኘሁ ይህን ታውቀዋለች። በየክረምቱ መግቢያ ሌሊት ለማሕሌት ሲኬድ የቤተ ክርስቲያኑን መብራት የሚዞር፣ ጠዋት ዲያቆናቱ ከደጁ የሚጠርጉት ትልቁ የእሳት እራት ነው። ከልጅነቷ ጀምራ አይታዋለች። ገብስ ማሳ ውስጥ አንድም ቀን አላየችውም። የትሉንና የእራቱን አንድነት፣ ይኼ ያ መሆኑን ግን አንድም ሰው ነግሯት አያውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትስቅና ስታለቅስ አደረች።

ሊነጋጋ ሲል በአገልግል ከደነችው፣ ትሉ ያወለቀውን ቆዳ ከአፈሩ አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ወደ ላሊበላ ተነሣች። አገልግሉ ውስጥ ሲንፈራገጥ በመንገዱ ሁሉ ይሰማታል። ክዳኑን ብትከፍት ሊያመልጣት ነው፤ ብትዘጋው ሊሞትባት ነው። ኤልሳቤጥ ዘንድ ደርሳ ስትከፍተው ክንፉ ተበጣጥሶ የአገልግሉ ሥር በቡናማ ዱቄት ተሞልቷል። ደረቷን መታች። ኤልሳቤጥ ግን እጇን ይዛ ወደዚያው ቢሮ ወሰደቻት፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የትናየት የምትባል አዲስ ባለሙያ መቀጠሯን ሰምታ ነበር።

የትናየት ገና ወጣት ናት። እታገኘሁን አስቀመጠቻትና ነገሩን ከመጀመሪያው ሰማች። የተበጣጠሰውን ነገር በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ፣ ወፍራም ባለሥዕል መጽሐፍ አውጥታ ብዙ ገለጠች። ክንፉ ላይ የቀረውን ክብ ዓይን ከሥዕሉ ጋር አስተያየችው። የእሳት እራቱን እንደለየችው፣ ግን ዛፉን የበላው ትል የዚህ ልጅ መሆኑን ማየት እንዳለባት ተናገረች። እታገኘሁ ጨርቁን ፈታችው። የትናየት የደረቀውን ቆዳ በውሃ አርሳ ዘረጋችው፤ እሾሆቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ሌላ ገጽ ገለጠች። ትሉ እዚያ ነበር፤ ጥቁር፣ ነጣ ባለ እሾህ፣ ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ።

«ይኼው ነው እናቴ፤ አንድ ናቸው» አለቻት። «ብሳናና ጥቂት ሌሎች ዛፎች ነው የሚበላው። እህል አይነካም።»

«ይኼኛውስ? ክንፍ ያወጣውስ ምን ይበላል?»

«ምንም። አፍ የለውም፤ ይዩት። የሚኖረው ሳምንት ቢሆን ነው፤ በትልነቱ በበላው ብቻ ነው የሚኖር። ዛፉንም አይገድለውም። ቅጠሉ ይመለሳል።»

እታገኘሁ መመለሱን አይታለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኤልሳቤጥ ጀርባዋን ታሻሻት ነበር።

የትናየት ሁሉንም በወረቀት ጻፈችና ማኅተም አደረገችበት። እታገኘሁ በማግስቱ ከሰዓት መንደሯ ደረሰች። ቁልቁለቱ ላይ ሆና ስታይ ከቦረቦሩ ግርጌ ጥቁር አፈር ተገልብጧል። ዝናቡ መሬቱን ስላለሰለሰው ሰዎቹ ክረምቱ እስኪቃረብ ሳይጠብቁ ጀምረዋል። ከታፈረ ማሳ ጋር የሚዋሰኑት ጉቶዎች በሙሉ ተነቅለው ሥራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተከምረዋል። እየጮኸች ወረደች። ወረቀቱን ያነበቡላቸው መምሬ ገብረ መስቀል ናቸው፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሰው እንዲሰማ ሳይሆን ራሳቸው እንዲያምኑት ይመስል ነበር። ታፈረ የነቀለው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ዶማውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። በመስከረም የሰማችውን ያን ጊዜ ነገረችው፤ ቢሮው ተምች ይሆናል ብሎ እንደነበር፣ ፈርታ እንደደበቀችው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔውኑ እነቅለው ነበር» አላት።

የላይኞቹ ጉቶዎች ሳይነቀሉ ቀሩ። የታችኛዎቹ ግን አልተመለሱም። ታፈረና ጎረቤቶቹ ሥሩ በወጣበት ድንጋይ ደረደሩ፤ የሐምሌ ዝናብ አልጠበቃቸውም። በወሩ ማገባደጃ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደው ጎርፍ ድርድሩን እንደ ገለባ ጠረገው። ባዶውን ቦታ አግኝቶ ከታች ወደ ላይ መብላት ጀመረ። የታፈረን ገብስ ሲሶውን ከነአፈሩ ወሰደ። ስንጥቁ በሦስት ቀን ውስጥ ከእታገኘሁ ግድግዳ አራት እርምጃ ላይ ደረሰ።

ቤቱን ያፈረሱት ራሳቸው ናቸው፤ ጎርፉ ሳይቀድማቸው። ቆርቆሮውን፣ ማገሩን፣ በሩን እየተሸከሙ ሽቅብ ወደ ታፈረ ግቢ አወጡት። እታገኘሁ ከልጆቹ ጋር አንድ መደብ ላይ ትተኛለች። ወንድሟ ጥግ ላይ ቤት እንደሚሠራላት ተናገረ፤ መቼ እንደሆነ አልተናገረም፤ የክረምቱ እህልም እንደማይበቃቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

በነሐሴ መጨረሻ የትናየት ለመዝገቧ ቦታውን ልታይ መጣች። በቀሩት ጉቶዎች ላይ የወጡትን ቀንበጦች ለካች፤ ከአንዳንዱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ትሎች ተገኙ። በዚህ አገር ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠየቀች። ስም ያወጣለት አልነበረም። እታገኘሁ የብሳና ትል በይው አለቻት፤ ጻፈችው። ከዚያ እታገኘሁ በተራዋ ቀንበጦቹ ከትሉ ተርፈው፣ ሥራቸው እስከ መጪው ክረምት አፈሩን ይይዝ እንደሆነ ጠየቀቻት።

የትናየት ቦረቦሩን፣ ስንጥቁን፣ የፈረሰውን ቤት መሠረት አየች።

«አላውቅም እናቴ» አለች።

እታገኘሁ ራሷን ነቀነቀች። ሰው አላውቅም ማለቱ አላስከፋትም። ታፈረ ከታች ሆኖ ድርድሩን ሊመልስ ድንጋይ ይጠብቅ ነበርና ነጠላዋን አሸርጣ ወርዳ ማቀበል ጀመረች።